አለሁ ያላለ

ሌሊስታድ፣ ከባሕር ወለል በታች፣ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ፣
ትናንት ውሃ በተኛበት፣ ከተማ ተተክሎ፤
ከፓምፕ ጣቢያው ፎቅ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
እኔና አንድ ሰርቨር፣ አንድ የነተበ ሹራብ፣ አንድ የቀዘቀዘ ራት።

አርባ መስመር ናት የጻፍኳት ስክሪፕት፣
ጌጥ የላት፣ ወግ የላት፣
ቦዩን ትለካለች በየሠላሳ ሰከንድ፤
ከፍ ሲል ፓምፑን ትቀሰቅሳለች፣ ዝቅ ሲል ታስተኛለች፣
በቃ ይኸው ነው፣ አንድ በአንድ።

ግን በዘጠናኛው ሰከንድ፣ ቀን ሳያጓድል፣
አለቃው ይገድላታል።
አለቃው ስል፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው፣
ሌላውን አገልጋይ አስነሥቶ፣ በቃህ ሲልም የሚያበቃው።
መዝገቡ ላይ ጻፈ፦
«ጠበቅሁ። አልሰማሁም። ጊዜው አለፈ።»

እሷ እኮ እየሠራች ነበር! ሦስቴ ለክታለች፣
አንዴ ፓምፕ ቀስቅሳ፣ ከቦዩ ማዶ የድንች ማሳ አድናለች፤
ሥራ መሐል ነው የሞተችው፣ እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለች።

ባደግሁበት ቤት
«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ነበር ትምህርት።
ሥራህን ሥራ፤ ያየ ይመስክር፤
ስለ ራስ ማውራት ነውር።
ባለፈው ጥቅምት፣ በግምገማው ዕለት፣
ኃላፊዬ ዊትስከ፣ ነገር መጠቅለል የማታውቅበት፣
ቅጹን ገልብጣ፣ «ትሠራለህ» አለች፣ «ይህን አልክድም፤
ግን አለህ? የለህም? እኔ አላውቅም።»
ተቀየምኳት።
ዛሬ ስክሪፕቴ ስትገደል ሳይ ነው በቅጡ የሰማኋት።

አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ «ሩጥ፣ ‹ዝግጁ ናት› በል» የምትል፤
መልእክተኛው ሮጠ፣ ነገረ፣ ነግሮ እንዳበቃ ሞተ፤
አለቃው ፊቱን ቢያዞር፣ «የማን ልጅ ነህ?» ሊል፣
ቃሉ ያለ ባለቤት ደጁ ላይ ተጎለተ።
የመልእክተኛ ዕድሜ ከመልእክቱ ሲያጥር
እውነቱም ሐሰት ነው፣ ባለቃ ፊት ሲቆጠር።

«ከቤቷ የመጣ ቃል ሁሉ ይሰማ» ብዬ ደንቡን አላላሁ፤
መልእክተኛውንም፣ «መሰማትህን ሳታይ አትሙት» ብዬ አስማልሁ።
ሠራ!
አረንጓዴ ነጥብ በራ፦
«አለሁ። ቦዩን እየለካሁ ነው። ውሃው ከልኩ በታች፣ አራት ሳንቲም።»
አለቃው ግን አንዴ ሰምቶ አያምንም፤
በየደቂቃው «አለሁ» ካልተባለ ይገድላል፣ መልሶ ያስነሣል።
እኔም፣ እንቅልፍ ነው መቼስ፣ ከጎን አንድ ምልልስ ተከልሁ፣
ሥራ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚዞር፦ አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ።

ሊነጋ ሲል ወረድሁ።
ሴንሰሩን የውሃ ሣር አንቆታል፣
ስክሪፕቷ የማይመጣ ቁጥር እየጠበቀች ደርቃለች፣
ውሃው የማሳውን አፋፍ ይልሳል፤
ፎቅ ላይ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል።
አረንጓዴ።

ፓምፑን በእጄ አስነሣሁ፣ እስከ ክርኔ ረጥቤ፤
ያን ምልልስ አጠፋሁ፤ ጻፍሁ፣ ነገሩን አስቤ፦
ውሃ ሳትነኪ «አለሁ» አትበዪ፤
ከታነቅሽ ዝም በዪ።

ሁለት ሰዓት ላይ ዊትስከ ገባች፣
ጃንጥላዋን እያራገፈች፣
«እንዴት ነህ?» አለች።
«ደህና፣ ይመስገን፣ ደህና» ልል አፌን ከፈትሁ፤
ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ በጎን የሚዞር ነው፣
ቤት ቢቃጠል፣ ሰው ቢሞት የማይቆም፣ ከሆዴ የማይጠይቅ።
ዘጋሁት።
«አልተኛሁም» አልኳት። «ማሳው ሊሰጥም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።
ደግሞ፣ ከመስከረም ወዲህ፣ ደህና አይደለሁም።»

ጃንጥላዋን አስቀመጠች።
ወንበር ስባ ተቀመጠች።